አዲስ የሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር የጠዋት ሺፍትን እንዴት ይመራል? ከቁልፍ ርክክብ እስከ ማስረከቢያ

የሆቴል ክፍል በማጽዳት ጎበዝ ስለነበራችሁ የክፍል አጽጂዎች ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሱፐርቫይዘር ተደረጋችሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሪሴፕሽን "ክፍሉ የታለ?" እያለ ይደውላል፣ አጽጂ ልጆቹ ያኮርፋሉ፣ እናንተ ደግሞ የሰው መታጠቢያ ቤት ስታሹ ምሳ ያልፋችኋል። ይህ በእኔም ደርሷል፣ ከእኔ በኋላ በመጡት ብዙዎችም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ሥራው እንደተለወጠ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳቸው ስላጡ ነው። ትናንት የምትጠየቁት ስላጸዳችሁት ክፍል ነበር፤ ዛሬ የምትጠየቁት "ዝግጁ ነው" ስላላችሁት ክፍል ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ክፍል ዝግጁ ነው አትበሉ።

መመሪያው ጠዋት 1 ሰዓት ገብቶ 10 ሰዓት ለሚወጣ ሺፍት የተጻፈ ነው። ሆቴላችሁ የራሱ የጽሑፍ ደንብ ካለው ደንቡ ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ከልጆቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ

1. ማስተር ቁልፎቹን (ብዙ ክፍል የሚከፍቱትን) ቆጥራችሁ ተረከቡ። "አንዱ ማታ ጎድሎ ነበር፣ ይመጣል" ካሏችሁ ሙሉ ነው ብላችሁ አትፈርሙ። የጎደለውን ጻፉና ወዲያው ለሴኩሪቲ አሳውቁ። ከፈረማችሁ በኋላ የጠፋው ቁልፍ የእናንተ ዕዳ ነው።

2. የሌሊቱን ሎግ ቡክ (የሺፍቱን መዝገብ) አንብቡ። ቧንቧው ያንጠባጠበ፣ አምፖሉ የተቃጠለ፣ እንግዳው የተቆጣበት ክፍል እዚያ ላይ አለ። ሳታነቡ ወደ ፎቅ አትውጡ።

3. ከሪሴፕሽን የክፍሎቹን ዝርዝር ውሰዱ። ዛሬ የሚወጣው የቱ ነው፣ የሚያድረው የቱ፣ ባዶው የቱ፣ ለጥገና የተዘጋው የቱ? ማለዳ የሚገባ እንግዳ መኖሩንም ጠይቁ። ብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች ቦሌ የሚያርፉት ማለዳ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ የቀኑን ቅደም ተከተል ይወስናል።

4. "ባዶ" የተባሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ሄዳችሁ እዩ። ባዶ የተባለው ውስጥ ሻንጣ ካገኛችሁ፣ ወይም እንግዳ አለበት የተባለው አልጋ ሳይተኛበት አድሮ ከሆነ ለሪሴፕሽን ደውሉ። ሰውየው ሳይከፍል ሄዶ ይሆናል፤ ዘመድ ቤት አድሮም ይሆናል። ያንን የሚያጣራው ሪሴፕሽን ነው። እናንተ በግምት አልጋ አታስነሡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓትን በቁጥር ብቻ አትቀበሉ

ሱፐርቫይዘር በሆንኩበት የመጀመሪያ ወር ከሪሴፕሽን በመጣው ወረቀት ላይ ከአንድ ክፍል ቁጥር ጎን "4:00" የሚል ተጽፎ ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሚወጣ እንግዳ ነው ብዬ 4 ተኩል ላይ ልጅ ላክሁ። አንኳኳች፤ መልስ ሲጠፋ ከፈተች። አንድ አዛውንት እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ማታ ስለሚበሩ ክፍሉን እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፍለውበታል፤ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። ሰውየው ደንግጠው ጮኹ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ወረደች። እሷ ያደረገችው ያልኳትን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ወረቀት ላይ ሰዓት ብቻውን ቆሞ አያውቅም። "ጠዋት"፣ "ረፋድ"፣ "ከሰዓት"፣ "ማታ" የሚለው ቃል ይጨመርበታል፣ ከጎኑም "በእኛ" ወይም "በፈረንጅ" ተብሎ ይጻፋል። ቼክ አውት በፈረንጅ 12:00 ሲባል በእኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ ጠዋት 6:00 የሚቀሰቀስ እንግዳ በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱ ተገለባብጠው ስለሚመሳሰሉ ነው አደጋው። ቀንም እንደዚሁ ነው፤ "በ11 ይገባሉ" ሲሏችሁ "በየትኛው አቆጣጠር?" ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ሥራውን በደቂቃ አከፋፍሉ

"ለእያንዳንድሽ 12 ክፍል" ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንግዳ የወጣበትና የሚያድርበት ክፍል እኩል አይደክምም። እንዲህ አስሉ፦

የምሳ ሰዓት ሳይቆጠር የ8 ሰዓት ሥራ 480 ደቂቃ ነው። ለብሪፊንግ፣ ትሮሊ ለመሙላት፣ ለሻይ፣ ቆሻሻ አንሶላ ለማውረድና ለማስረከቢያ 90 ደቂቃ ቀንሱ። 390 ደቂቃ ይቀራል። እንግዳ ለወጣበት ክፍል 40፣ ለሚያድርበት 25 ደቂቃ ብትይዙ፣ 6 የወጣና 6 የሚያድር ክፍል የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ነው። 10 የወጣ ክፍል ብትሰጧት ግን 400 ደቂቃ ነው፤ ቁጥሩ አነሰ፣ ሥራው በዛ። የእናንተን ቤት ደቂቃ ለማወቅ ጎበዟም ጀማሪዋም ሦስት ሦስት ክፍል ሲያጸዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ለኩና መካከለኛውን ያዙ።

ሥራው ከሰዓቱ ከበለጠ ጠዋቱኑ ለኃላፊያችሁ ንገሩ፤ 9 ሰዓት ላይ ብትናገሩ የሚረዳችሁ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ስለሆነ መመዝገብና መከፈል አለበት። "ትንሽ ቆዩልኝ" እያላችሁ በወዳጅነት አታስመሹ።

ደረጃ 3፦ ብሪፊንጉን በ10 ደቂቃ ጨርሱ

ቆማችሁ አድርጉት። የዛሬው ብዛት፣ ቀድመው የሚፈለጉት ክፍሎች፣ ከትናንት ቅሬታ አንዱ ብቻ፣ ከዚያ ቁልፍ በፊርማ። የሰው ስም ጠርታችሁ ጥፋት አትንገሩ። የደከመች ወይም ያመማት ልጅ ካለች ፊቷ ላይ ታዩታላችሁ፤ ሌሎቹ ሲበተኑ ለብቻዋ ጠይቋት።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን ያዙ

1. እንግዳው ራሱ "አሁን ይጸዳልኝ" ያለው ክፍል።
2. ማለዳ ወይም ረፋድ ለሚገባ እንግዳ የተያዘ ክፍል።
3. ሌሎቹ እንግዳ የወጣባቸው።
4. እንግዳ የሚያድርባቸው።
5. "አትረብሹ" የሚል ምልክት ያለባቸው። እነዚህን አታንኳኩ። ሰዓቱን እየጻፋችሁ እለፉ፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይም ምልክቱ ካልተነሣ ሪሴፕሽን በስልክ ይጠይቅ። ስልክ ካልተነሣ ኃላፊ ይነገረው፤ መግባት ካስፈለገ ሱፐርቫይዘርና ሴኩሪቲ አብረው ይግቡ። የክፍል አጽጂ ብቻዋን አትግባ፤ እንግዳው ታሞ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ፍተሻ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በሩን ከፍቶ አልጋውን ያያል፣ "ጥሩ ነው" ይላል፣ ይዘጋል። እንግዳው ግን ያልጋውን ልብስ አድንቆ አይቀርም፤ ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ይታጠባል። ስለዚህ እንደ እንግዳ ገብታችሁ እዩ። እንግዳ ለወጣበት ክፍል ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል።

1. በሩ ላይ ቁሙ። ቁጥሩ፣ እጀታው፣ መቆለፊያው ደህና ናቸው? በካርድ የሚከፈት ከሆነ በእንግዳ ካርድ ሞክሩት።

2. ግቡና በሩን መለስ አድርጋችሁ አሽትቱ። ሽታውን የምታገኙት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ ከዚያ አፍንጫችሁ ይለምደዋል። የሽቶ ሽታ ከቀደማችሁ ተጠራጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሽቶ የሚረጨው ያልጸዳ ነገር ላይ ነው። መስኮት አስከፍቱ፣ ምንጩን ፈልጉ።

3. መታጠቢያ ቤቱን አስቀድሙ። የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ጠብቁ፣ የሻወሩን ማፍሰሻ ክዳን አንሥታችሁ እዩ። ፀጉር የሚቀረው እዚያ፣ ከበሩ ጀርባ ባለው ጥግ እና በመቀመጫው ማጠፊያ ሥር ነው። አንድ ነጠላ ፀጉር ነጭ ሴራሚክ ላይ ከሩቅ ይታያል፤ ያንን ያየ እንግዳ የቀረውን ንጽሕና አያምናችሁም።

4. ወደ ክፍሉ ስትመለሱ ከበሩ በስተቀኝ ጀምራችሁ ግድግዳውን ተከትላችሁ ዙሩ፤ ዞራችሁ እበሩ ላይ ትገጥማላችሁ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። እዚህም እዚያም የሚዘል ዓይን አንድ ነገር ይስታል። የስልካችሁን መብራት ጠረጴዛው ላይ አጋድማችሁ አብሩት፤ ከላይ የማይታይ አቧራ በጎን ብርሃን ይወጣል።

5. መሳቢያዎችን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ካዝናውን ክፈቱ። የቀድሞው እንግዳ ዕቃ የሚገኘው እዚያ ነው። ካገኛችሁ የክፍሉን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያገኘውን ሰው ስም ጽፋችሁ ወዲያውኑ ለተረሱ ዕቃዎች ክፍል አስረክቡ። "ማታ እሰጣለሁ" ብላችሁ ኪሳችሁ አታስገቡ።

6. የውሃ ማፍያውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ክፍሉን አጽድታ ማፍያው ውስጥ የትናንት ውሃ የምትተው ልጅ ብዙ ናት፤ ስላላየችው እንጂ ስለሰነፈች አይደለም።

7. አልጋው ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ከአልጋው ሥር እዩ። የአንሶላውን አንድ ማዕዘን ገልጣችሁ ፍራሹን ተመልከቱ። በስፌቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ትኋን ካያችሁ ክፍሉን ዝጉ፣ አንሶላውን እዚያው በላስቲክ አስራችሁ ለብቻው አስወጡ፣ ትሮሊው ላይ አትጫኑት። አጎራባች ክፍሎችንም ፈትሹ።

8. አምፖሎችን ሁሉ አብሩ፣ ሪሞቱን ሞክሩ፣ ሶኬት ላይ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ዝጉ።

9. በእንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ዙሪያውን እዩ። ቆማችሁ ያላያችሁት ነገር አለ፤ የመጋረጃው ጫፍ፣ የጠረጴዛው ሥር፣ የቴሌቪዥኑ ጀርባ።

አሁን ለሪሴፕሽን ደውሉና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጥሩ፤ ሰሚው እየደገመ ይመዝግብ። "ሁለተኛ ፎቅ አልቋል" አትበሉ። እንዲህ ባለ አነጋገር ነው እንግዳ ያልተነጠፈ አልጋ ላይ የሚደርሰው።

ደረጃ 6፦ ጉድለት ሲገኝ

ጨርቁን ቀምታችሁ ራሳችሁ አትጥረጉ። ይህ በጣም ከባድ ነው፤ እጃችሁ ለምዶታል፣ ጊዜም ይቆጥባል። ግን ዛሬ የጠረጋችሁላት ነገ ትጠብቃችኋለች፣ እናንተ እዚያ ስትንበረከኩ አራት ያልተፈተሹ ክፍሎች ይጠብቃሉ። ልጅቷን ጥሯት፣ አሳዩአት፣ ራሷ ታስተካክለው፣ ተመልሳችሁ እዩ።

ስትናገሩ ነገሩን ተናገሩ። "የሻወሩ ማፍሰሻ ላይ ፀጉር አለ፣ ነይ እይው" በሉ። "ምን ዓይነት ዝርክርክ ነሽ" አትበሉ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጥፋት በላይ አትደርድሩ፤ እንግዳ ባለበት ኮሪደር ላይም አትናገሩ።

ትናንት አብራችኋቸው ሻይ የጠጣችሁ፣ ምናልባትም ሥራውን ያስተማሯችሁ እናት ዛሬ ከእናንተ በታች ናቸው። ሹመቱ አንቱታውን አያነሣም። "እትዬ፣ እዚህች ጋ አንዴ ቢያዩልኝ" ማለት ትእዛዝ ነው፣ ክብርም አለበት። ሥራውን ግን በይሉኝታ አትለፉት። የእሳቸውን ክፍል ሳትፈትሹ ካለፋችሁ ወጣቶቹ ያዩዋችኋል፤ ከዚያ ማንንም ማረም አትችሉም።

ጥፋቱ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥርና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። "ሁልጊዜ ትሰንፋለች" መረጃ አይደለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በሰው ኃይል በኩል ይሂድ።

ደረጃ 7፦ ነገር ሲበላሽ

*ውሃ ሲጠፋ።* ሰው ሁሉ ቧንቧ ከፍቶ ይሞክራል፣ "የለም" ብሎ ሳይዘጋ ይሄዳል። ሌሊት 8 ሰዓት ውሃው ሲመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲፈስ ያድራል፤ ጠዋት ምንጣፉን ስትረግጡ እግራችሁ ይርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ውሃ እንደጠፋ የየክፍሉን ቧንቧ በእጃችሁ ዝጉ። ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ዝገት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል እስኪጠራ ልቀቁት። ነጭ አንሶላ አትንከሩበት፣ ማፍያም አትሙሉበት።

*በረኪና።* በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አታደባልቁ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳምባ ይጎዳል። ከተቀላቀለ ሰዎቹን አስወጡ፣ ከደጅ በኩል አየር አስገቡ፣ ያሳለው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ማንኛውንም ኬሚካል በሃይላንድ ላስቲክ አትገልብጡ፤ የጠማው ሰው ውሃ መስሎት ያነሣዋል። ዛሬውኑ ትሮሊዎቹን ዞራችሁ እዩ፤ ስም ያልተጻፈበት ላስቲክ ካገኛችሁ አንሡት።

*"ገንዘቤ ጠፋ" ሲባል።* እንግዳውን ጨርሰው እስኪናገሩ አድምጡ። "የእኛ ልጆች አይነኩም" አትበሉ፣ "እንመልሳለን" ብላችሁም ቃል አትግቡ። "በጣም አዝናለሁ፤ አሁኑኑ ከሴኩሪቲ ጋር እንመለከታለን" በሉ። ክፍሉ እንግዳውና ሴኩሪቲ ባሉበት ብቻ ይፈተሽ። ቁልፉ በዚያ ቀን በማን እጅ እንደነበር ከፊርማው መዝገብ አውጡ፤ መቆለፊያው ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ማን መቼ እንደከፈተ ሊነበብ ይችላል። የሠራተኛን ቦርሳ በራሳችሁ አትበርብሩ። ልጅቷን በሰው ፊት አትጠይቋት። ገንዘቡ ከሻንጣው ኪስ ተገኝቶ የሚያልቅ ብዙ ጊዜ ነው፤ በሰው ፊት የተጠረጠረች ልጅ ስም ግን በቀላሉ አይመለስም።

*እንግዳ ሠራተኛዋን ሲያስቸግር።* ይህንን ልጆቹ አይነግሯችሁም፤ ያፍራሉ፣ ወይም ሥራዬን አጣለሁ ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ሳይሆን በፊት በብሪፊንግ በግልጽ ተናገሩ፦ ክፍል ስታጸጂ በሩ ክፍት ይሁን፣ ትሮሊው ደጃፉ ላይ ይቁም፤ እንግዳው ካልለበሰ፣ በሩን ልዝጋ ካለሽ ወይም እጅሽን ከያዘ ሁሉንም ጥለሽ ውጪ፣ ማንም አይጠይቅሽም። መጥታ ስትነግራችሁ "ምናልባት ሳያስብ ይሆናል" አትበሉ። እመኗት። ለሥራ አስኪያጁ ያኔውኑ አሳውቁ፣ በጽሑፍም አስፍሩ። ወደዚያ ክፍል መልሳችሁ አትላኳት፤ መጸዳት ካለበት ሁለት ሰው ይግባ፣ አንዱ እናንተ ሁኑ። አንድ ጊዜ ዝም ካላችሁ ሁለተኛ የሚነግራችሁ አይኖርም።

በወር አንድ ጊዜ፦ አንሶላና በዓላት

አንሶላና ፎጣ ቢያንስ ሦስት እጅ ይኑራችሁ፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ላውንደሪ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። 40 አልጋ በሁለት ሁለት አንሶላ ቢነጠፍ 240 አንሶላ ማለት ነው። ውሃ በሚጠፋበት አካባቢ አራት እጅ ያስፈልጋል። በየወሩ ቁጠሩ፤ የጎደለውን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ወለል መጥረጊያ ሆኖ ነው።

ለበዓላት የሺፍት ሰሌዳውን ከአንድ ወር በፊት ለጥፉ። ላሊበላ ለገና፣ ጎንደር ለጥምቀት፣ አዲስ አበባ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሆቴሉ ይሞላል፤ ልጆቹም በዓሉን ቤታቸው ማክበር ይፈልጋሉ። ክርስቲያኖቹ በኢድ፣ ሙስሊሞቹ በገናና በፋሲካ እየተካኩ ቢሠሩ ለሁሉም ይቀላል፤ ግን ጠይቃችሁ እንጂ ወስናችሁ አይሁን። የኢድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላልና ሰሌዳው ላይ ቦታ ተዉለት።

ደረጃ 8፦ ማስረከቢያ

ከመውጫ ሰዓት 30 ደቂቃ በፊት ፍተሻ አቁሙና እነዚህን ሥሩ፦

1. ቁልፎቹን ሁሉ ሰብስባችሁ ቁጠሩ። አንድ ከጎደለ ማንም ከግቢ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ የጋዎን ኪስ ውስጥ ወይም ላውንደሪ የወረደ አንሶላ መሐል ይገኛል።
2. ያልጸዱትንና "አትረብሹ" እንዳለባቸው የቀሩትን ክፍሎች በቁጥር ጻፉ።
3. ለጥገና የነገራችሁትን እዩ። "ተነግሯል" ብቻ አትጻፉ፤ ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንደተባለ ጻፉ።
4. የተገኙ ዕቃዎች ለተረሱ ዕቃዎች ክፍል መድረሳቸውን በፊርማ አረጋግጡ።
5. የማታውን ሱፐርቫይዘር ፊት ለፊት አግኙት። ሎግ ቡኩን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። ጣታችሁን ጽሑፉ ላይ እያደረጋችሁ ንገሩት፣ መጠየቂያ ጊዜ ስጡት፣ ሰዓቶቹ "ማታ" ወይም "ጠዋት" የሚለው ቃል እንዳላቸው አብራችሁ እዩ፣ ከዚያ ያስፈርማችሁ፤ እሱም ይፈርም።